ሲስተር ዘሐራና የመስኮቱ አልጋ

ዛሬ ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ ዋጥኩ።

ባለቤቴ አስካለ ከሸሚዜ የወደቀችውን ነጭ ቁልፍ "ነገ እሰፋታለሁ" ብላ ከደም ግፊት ክኒኔ ጎን አስቀምጣት ነበር። እኔ ደግሞ መነጽር ያስረጃል የምል ሰው ነኝ፤ ሰባ ዓመት ያላስረጀኝን መነጽር ሊያስረጀኝ! በዳበሳ አንዷን አነሣሁና በውኃ አወረድኳት። ትንሽ ቆይቶ አስካለ መርፌና ክር ይዛ መጣች። የቀረችውን አገላብጣ አየቻት።

"ሞላ፣ የዚች ቁልፍ ቀዳዳዋ የት ሄደ?"

"የምን ቀዳዳ?"

"ኧረ በማርያም! አንተ ሰውዬ፣ ሆድህን ልትቆልፈው ነው?"

እስኪያመን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ አስካለ ክኒኗን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ይኼን ዘሐራ ብትሰማ!" አለች። ሲስተር ዘሐራ ካረፈች ገና ወር አልሞላትም። ሰደቃዋ ላይ ጎብዬ ደርሰን የተመለስነው ባለፈው ሳምንት ነው።

ዘሐራ የጎብዬ ልጅ ናት። ሥራዋ ቆቦ ስለነበር ግን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከኛ ጋር አጥር ተጋርታ ኖራለች። አጭር፣ ቀጭን፣ ስትራመድ መኪና የሚያመልጣት የምትመስል ሴት ነበረች። በሂጃቧና በጆሮዋ መካከል ሁለት እስክሪብቶ ትሰካለች፤ ሰማያዊና ቀይ። ለበሽተኛ የሰጠችውን በሰማያዊ ትጽፋለች፤ ያልሰጠችውንና ያልሰጠችበትን ምክንያት በቀይ። "ያልሰጠሁትን ካልጻፍኩ፣ ከኔ ቀጥላ የምትመጣዋ በምን ታውቃለች?" ትላለች። እሷ የምትገፋው የመድኃኒት ጋሪ አንድ እግሩ ይንቋቋል። ዘይት ላድርግበት ብላት እንቢ አለችኝ። "መምጣቴን ይስሙ። ተኝቶ የነቃ ሰው ስሙንም ይሳሳታል።"

አንድ ጠባይ ነበራት። በአጥሩ በኩል "ጋሼ ሞላ፣ ፍየልህ ጎመኔን ጨረሰችው እኮ! ካልያዝካት ለበዓል እኔ ነኝ የማርዳት" የምትለኝ ሴት፣ ነጩን ጋወን ስትለብስ አንቱታ ትጀምራለች። ሆስፒታል የገባሁ ቀን ከጋሪዋ ጋር አልጋዬ ሥር ቆመችና፣

"ስምዎን ከነአባትዎ?" አለችኝ።

"ዘሐራ! እኔ ነኝ እኮ! ፍየሌ ጎመንሽን የበላችው!"

"ፍየሏን አውቃታለሁ። ስምዎን ከነአባትዎ?"

በማግሥቱ "የቆቦ ከንቲባ ነኝ" አልኳት። ክኒኑን ወደ ጋሪው መለሰችና "ለከንቲባው የታዘዘ መድኃኒት የለም" ብላ አለፈች። ቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩ። ክፍሉን በሙሉ አዳርሳ በሩን ስታልፍ፣ የተሰፋ ሆዴን በእጄ ደግፌ "ሞላ ተፈራ! ሞላ ተፈራ ነኝ!" እያልኩ ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳት። በሽተኛው ሁሉ ሲስቅ፣ አስታማሚው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ ፈገግ እንኳ አላለችም። መድኃኒቱን አውጥታ ስሙን አነበበችልኝ፤ ለምን እንደምውጠው ነገረችኝ፤ ስውጥ አየችኝ፤ ጻፈች።

"ለምንድነው 'ሞላ ነህ?' ብለሽ የማትጠይቂኝ? እኔም 'አዎ' ብዬ እገላገል" አልኳት።

"'ሞላ ነህ?' ብዬ ብጠይቅ ይኼ ክፍል በሙሉ 'አዎ' ይለኛል" አለች። "የኛ ሰው ይሉኝታ ይገድለዋል። ሲስተርን ከማሳፍር ብሎ የሰው መድኃኒት ይውጣል።"

እዚያ የገባሁበትን ምክንያት መናገር ያሳፍራል፤ ስለዚህ እናገራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በቆቦ ገበያ እህል ስመዝን ነው የኖርኩት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ስድሳ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሁለት ጎረምሶች አንድ ኩንታል ማሽላ ይዘው ሲያቃስቱ አየሁና "እናንተ የአሁን ልጆች!" አልኩ። ይህቺን ቃል ያወጣ ሽማግሌ ኩንታል ሳያነሣ ቤቱ አይገባም። አነሣሁ። ኩንታሉ ወጣ፤ አንጀቴ ወረደ። ሐኪሞቹ ቀደው መለሱት። ቁስሉን እንዳልነካ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን አለመንካቴን ለማረጋገጥ ስነካው መገለ። በዚህ ምክንያት በቀን አራት ጊዜ አምፒሲሊን የሚባል መድኃኒት ክንዴ ላይ በተሰካች ካኑላ በምትባል ቀጭን ቱቦ ይሰጠኝ ጀመር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የምነግራችሁ ጥፋት የኔ ነው፤ እሱ አልጋ ከመስጠት በቀር ምንም አላደረገኝም።

ተኝቼ ስውል ዘሐራን ማየት ሥራዬ ሆነ። አንድ ቀን እጄን ይዛ ስለ ፍየሌ ወሬ ጀመረችኝ። ሰዓቷን እያየች "እህ" ትለኛለች። ለካ ትንፋሼን እየቆጠረች ነው። "ልቆጥር ነው ብልዎት ትንፋሽዎን ያሳምሩልኛል" አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ደረቴን ነፍቼ እንደ ወታደር ነበር የምተነፍሰው። ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት አስታማሚ፣ ልጇ ስለተሻለው የተረፋትን ክኒን ለጎረቤት አልጋ ስታካፍል ያዘቻት። ሴትዮዋ "ምን ክፋት አለው? እንጀራውንስ አብረን እየበላን አይደል?" አለች። ዘሐራ ክኒኑን ከእጇ ወሰደችና "እንጀራውን ተጎራረሱ፤ አላህ ይባርክላችሁ። መድኃኒት ግን አይጎራረስም" አለቻት። አልጮኸችም። እሷ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል። እዚያው ቆማ የልጁን ትራስ ገልብጣ ቀዝቃዛውን ጎን አደረገችለት።

አልጋዬ ቁጥር አራት ነበር፤ የመስኮቱ። የቆላ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው፣ ከዞብል ተራራ በኩል የምትመጣው ትንሽ ነፋስ መጀመሪያ የምታገኘው የመስኮቱን አልጋ ነው። ሹመት ነው።

በሰባተኛው ቀን አያ ሁሴንን አመጧቸው። ከዋጃ በኩል ናቸው፤ ሰማንያ የደፈኑ፣ ጢማቸው ጥጥ የመሰለ ገበሬ። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ቆስሏል። ከኔ ጎን ቁጥር ሦስት ላይ አስተኟቸው። እሳቸው ሲገቡ ሆዴን ደግፌ "ኖር!" አልኩ።

"አላህ ያኑርህ። ተቀመጥ ልጄ።"

በስድሳ ሰባት ዓመቴ "ልጄ" የሚለኝ ሰው! እንኳን አልጋዬን፣ ቤቴን በሰጠኋቸው። ላቡ በጢማቸው ላይ ሲንቆረቆር አየሁና "አያ ሁሴን፣ መስኮቱ ጋ ይሁኑ፤ ነፋስ ያገኛሉ" አልኳቸው።

"በፍጹም። ያንተን አልጋ!"

"በአላህ ይሁንብዎ።"

"አይሆንም።"

"በልጆችዎ!"

በልጅ ከተማለ ምን ይደረጋል? ተነሡ። አስታማሚያቸው ጋቢያቸውን አዛወረ፤ እኔም ጋቢዬን ይዤ ቁጥር ሦስት ላይ ወጣሁ። መረቁኝ። ኩራቴ ከትንፋሼ በላይ ሆነ። ካርዶቻችን ግን በየአልጋው እግር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ካርድ ለሽማግሌ አይነሣም። የኔ "አምፒሲሊን" የሚለው ካርድ አያ ሁሴን እግር ሥር ሆነ። የሳቸው ካርድ፣ ዘሐራ ራሷ በቀይ እስክሪብቶ "ፔኒሲሊን አይስማማቸውም" ብላ የጻፈችበት፣ እኔ እግር ሥር። አምፒሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ቀትር ነው፤ የጥየቃ ሰዓት። ክፍሉ ገበያ ሆኗል። ዝንቡ ስላስቸገረን እኔም አያ ሁሴንም ጋቢያችንን ፊታችን ላይ ስበን ተኝተናል። ያን ቀን የዘሐራ ባልደረባ ታማ ቀርታ፣ ዘሐራ ሁለት ክፍል ለብቻዋ ይዛለች። የጋሪው እግር ሲንቋቋ ሰማሁና በጋቢዬ ቀዳዳ አየኋት። መርፌውን ይዛ፣ ካርዱን አይታ፣ ወደ ቁጥር አራት ጎንበስ አለች።

"ስምዎን ከነአባትዎ?"

አያ ሁሴን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ ግን በሕይወቴ ሙሉ የሞኝነት ቀዳዳ ካየሁ ሳልገባበት አላልፍም። ጋቢውን ስትገልጥ በሞላ ፈንታ ጢማም ሽማግሌ አግኝታ ስትደነግጥ ታየኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ከጋቢዬ ውስጥ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት፣

"ሞላ ተፈራ! ዛሬስ ረሳሽኝ?" አልኩ።

ጋቢውን አልገለጠችውም። ሰባት ቀን የሰማችው ድምፅ ነው። ካኑላ የተሰካበት ክንድ ከጋቢው ወጥቶ ተዘርግቷል። መርፌውን አገናኘችና ቀስ አድርጋ መግፋት ጀመረች። እኔ ጋቢዬ ውስጥ እየሳቅኩ ነበር። ማንም ሳያስገድደኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከዚያ እጇ ቆመ። የሰካችውን ካኑላ በምታስርበት ፕላስተር ላይ ቀኑን የምትጽፍ ሴት ናት፤ ይኼኛው ላይ የዛሬ ቀን ተጽፏል። የኔ ላይ ያለው ግን ከሦስት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ጋቢውን ገፈፈችው።

"አባቴ! አባቴ፣ ይሰሙኛል?"

አያ ሁሴን ዓይናቸውን ገለጡ። "ልጄ፣ ጉሮሮዬ…" አሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ ነገር እንደ ካርታ ሲሰፋ አየሁ። ከንፈራቸው አበጠ። ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ማፏጨት ጀመረ። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

ዘሐራ አልሮጠችም። መርፌውን ነቀለች፤ ትራሱን ጎትታ አወጣች፤ አስታማሚውን "እግራቸውን ከፍ አድርገህ ያዝ፣ እንዳትለቅ" አለችው። ከጋሪዋ ሥር ትንሽ ሳጥን አላት፤ በየጠዋቱ ከፍታ የምታያት፣ እኔ "የሙሽራ ሳጥን" እያልኩ የምቀልድባት። ከሷ አድሬናሊን አወጣችና ጭናቸው ላይ ወጋች። "ዶክተር ጥሩ! ኦክስጅን አምጡ!" አለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ እጃቸውን ይዛ ጆሯቸው አጠገብ "ከኔ ጋር ይተንፍሱ፣ አባቴ። አሁን። ደግሞ አሁን" ትላቸው ጀመር። ሐኪሙ መጣ፤ ሁለተኛ መርፌ ተወጋ። ጠያቂው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እኔ ካርዱ ሥር ተቀምጬ ቀዩን ጽሑፍ አነበብኩ። መልሼ አነበብኩ። ሽማግሌው ቢሞቱ የገደላቸው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

አልሞቱም። ከቀትር በኋላ ፉጨቱ ለቀቃቸው፤ ቅላቱ ደበዘዘ። ውኃ ጠየቁ። ዘሐራ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ "አባቴ፣ ለርስዎ ያልታዘዘ መድኃኒት ነው የሰጠሁዎት። ስህተቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ" አለቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከሐኪም አፍ ሰምቼ አላውቅም። አያ ሁሴን እጇን ሳሙት። "አንቺማ አዳንሽኝ። አንቺና ይኼ መስኮት" አሉ፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው "የሰጠኸኝ ነፋስ ነው ልጄ ነፍሴን የመለሳት። ያቺኛው አልጋ ላይ ብሆን አልቆልኝ ነበር።"

እኔ ምን አልኩ? "አሜን" አልኩ።

ማምሻውን ዘሐራ ክፍሉ መጨረሻ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ ሆዴን ደግፌ ሄድኩ።

"ምንድነው የምትጽፊው?"

"የተሳሳትኩትን። ነገ ለኃላፊዎቹ ይገባል።"

"የኔን ስም ጻፊው። አልጋውን የለወጥኩ እኔ፣ በሐሰት የመለስኩልሽ እኔ።"

ብዕሯን አላነሣችም። "አልጋ መለወጡን ጽፌዋለሁ። የመለሰውን ሰው ስም ምን ያደርግልኛል?"

"እንዴ! ጥፋተኛው እኮ ነኝ!"

"እርስዎ በሽተኛ ነዎት። የታመመ ሰው ይቀልዳል፣ ያለቅሳል፣ ይዋሻል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምጠይቀው። የርስዎን ስም ብጽፍ ሁሉም 'ሞላ ነው ያጠፋው' ብሎ ይረሳዋል፤ ሌላ ቀልደኛ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሞታል።" ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። በእጅ ጽሕፈቷ፣ በቀዩ፣ "ድምፅ ሰማሁ፤ ፊት አላየሁም" ይላል።

ስመለስ ጠራችኝ። ጋወኗን አውልቃ ክንዷ ላይ አድርጋዋለች፤ አንቱታው ቀርቷል።

"ጋሼ ሞላ። የኔን ድርሻ ለሰውዬው ነግሬዋለሁ። ያንተን አንተ ንገረው።"

"እነግራቸዋለሁ።"

ያን ጽሑፍ በነርሶች ስብሰባ ላይ ራሷ ቆማ አነበበችው ይባላል። ለጥቂት ወራት ከክፍል ኃላፊነቷ አነሷት፤ ጋሪዋን እየገፋች ሥራዋን ሠራች፤ በአጥሩ በኩል አንድ ቀን አላማረረችም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል የተኛ ሰው ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ፕላስተር አንጓው ላይ ይታሰርለታል። እሷ ናት ያስጀመረችው። አስካለን በቅርቡ ያከመቻት አንዲት ወጣት ነርስ፣ ሥራ የጀመረች ቀን ሲስተር ዘሐራ ከሁሉ አስቀድማ "ነይ፣ እኔ ሰው ልገድል የነበረበትን ቀን ልንገርሽ" እንዳለቻት አጫወተችኝ። "አንድ በሽተኛ ቀለደ" ብላ ነው የምታልፈው አለች። አንድ በሽተኛ አጎንብሶ ጫማውን አየ።

አያ ሁሴን ከዳኑ በኋላ በየዓመቱ ማሽላ ሲደርስ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ተሸክመው ቆቦ ይመጣሉ። ለመስኮቱ ውለታ ነው። ጥርስ ለሌለው ሰው ጥንቅሽ! እሳቸው በሰማንያ ምናምን ዓመታቸው እየገሸለጡ ይመጣሉ፤ እኔ እጠባለሁ። በሄዱ ቁጥር ዘሐራ አጥሩ ላይ ትቆማለች።

"ነገርከው?"

"ጥንቅሽ ይዘው መጥተው እንዴት ይነገራል?"

"ባዶ እጁን ሲመጣ ንገረዋ!"

"ባዶ እጃቸውን አይመጡማ!"

ስቃ ስቃ ስታበቃ አንድ ቀን ፊቷ ተለወጠ። "እኔን ከሐሜት ልታድን እኮ አይደለም። ሰውዬው መስኮት አዳነኝ ብሎ ያምናል። ሊገድለው የነበረውን ነገር እንደ መድኃኒት ይዞት እየዞረ ነው።" ገባኝ። "በሚቀጥለው" አልኳት። ጡረታ ወጥታ ወደ ጎብዬ ስትመለስ፣ ዕቃዋን የጫነው መኪና ሲንቀሳቀስ እንኳ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ጣቷን ነቀነቀችብኝ። የባጃጆቹ ጡሩምባ ስላላሰማማን ሌላ የተባባልነው የለም። ያረፈችው በልቧ ነው አሉ፤ አላሠቃያትም።

ሰደቃዋ ላይ ዳሱ ሞልቶ ነበር። አያ ሁሴን ምርኩዛቸውን ይዘው ከዋጃ መጥተዋል። ገና ሲያዩኝ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ዱዓው ሲያበቃ ጎረቤታቸውን "ይኼ ነው ያ የመስኮቱ ሰው" አሉት። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው "እግሬ ዳግመኛ ቆስሏል። ማክሰኞ እተኛለሁ። የማውቀው አስታማሚ አለ፤ የመስኮቱን አልጋ ካንዱ ጋር አለዋውጥዎታለሁ ብሎኛል" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። አንድ ሰው ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ ከታረደው አንድ ሳህን ሥጋ አቀበለኝ፤ አፌም ለሥጋው የተከፈተ መሰለ። በላሁ። ቤት ገብቼ ስልክ ደወልኩላቸው። "የመስኮቱ ሰው! እንዴት አመሸህ?" ሲሉኝ ስለ ዝናቡ ጠይቄ፣ ለልጆቹ ሰላምታ አቅርቤ ዘጋሁ።

ለዘሐራ ያለቀስኩት ይበቃኛል፤ እሷም በቃ ባለችኝ ነበር። ለአያ ሁሴን ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለብኝ፤ ፊታቸውን እያየሁ የምናገራት። ዛሬ እሑድ ነው፤ ማክሰኞ ሊተኙ ሁለት ቀን ቀርቷል። ዋጃ ሩቅ አይደለም።